የእንግዳ ልጅ

በ2016 ዓ.ም. ለሥራ ጉዳይ ወደ መቀሌ ተልኬ ነበር። በመመለሻዬ ቀን ከአውሮፕላን ማረፊያው የደረስሁት ሰዓቱ ገና ብዙ ሲቀረው ነው። ክፍለ አገር ያደገ ሰው የጉዞ ቀን እንቅልፍ የለውም፤ አውቶቡስ እንደሚያመልጠው ሁሉ አውሮፕላኑም የሚያመልጠው ይመስለዋል። መጽሐፍ ሳልይዝ ወጥቼ ስለ ነበር ዓይኔ የሚያነበውን ነገር ፈለገ፤ ያገኘውም የቦታውን ስም ነው። አሉላ አባ ነጋ።

ሦስት ቃል ነው። እኔ ደግሞ ሦስት ቃል ተደርድሮ ሳይ የምመረምርበት የሥራ ልማድ አለኝ። በባንክ መስኮት ተቀምጬ የምውል ሰው ነኝና፣ በቀን ስንት ጊዜ «ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም» እንደምል ቆጥሬ አላውቅም። ቅጹ ሦስት ባዶ ቦታ አለው፤ ሦስቱም ካልሞሉ ሒሳብ አይከፈትም። እንግዲህ እኒህ ሰው ወደ እኔ መስኮት ቢመጡስ ብዬ አሰብሁ። ስም፦ አሉላ። መልካም። የአባት ስም፦ አባ ነጋ። ይቅርታ ጌታዬ፣ አባ ነጋ የፈረስዎ ስም ነው፣ የአባትዎ አይደለም። የአያት ስምስ? ቦታው ባዶ ነው። የዶጋሊን ጀግና «አሟልተው ይመለሱ» ብዬ ልሸኛቸው ነበር ማለት ነው።

ቀልዱ በራሴ ውስጥ ብቻ ቢቀር ደግ ነበር። ነገር ግን ከቀልዱ በኋላ የመጣው ጥያቄ አልለቀቀኝም። የአባታቸው ስም ወዴት ሄደ?

አባታቸው እንግዳ ይባላሉ፤ የተምቤን ሰው፣ የመነዌ ገበሬ። አያታቸው ቁቢ ናቸው፤ ዕቁበ ብለው የጻፉም አሉ። መንገደኛ ሁሉ እንግዳ ሆኖ በሚወርድበት ቦታ ላይ ከስሙ መካከል የተዘለለው ቃል «እንግዳ» መሆኑ ገረመኝ። ስንኝ ቋጣሪ ነኝ ባይ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ ዝም ብሎ አያልፍምና፣ በመሳፈሪያ ወረቀቴ ጀርባ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፤

ፈረሱም ስም አለው፣ ጌታውም ስም አለው፤
አርሶ ያበላውን፣ እንግዳን ማን አለው?

ሦስተኛውንና አራተኛውን ስንኝ ፍለጋ ስታገል ሐሳቡ ከግጥም ወደ ሙግት ተለወጠብኝ። ግጥሙ በእንጥልጥል ቀረ፤ ሙግቱን ግን እነሆ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላንሣ። ስሙን ያወጡለትን ሰዎች አልወቅስም። የፈረስ ስም በአገራችን የክብር ስም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ተብለዋል። ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልም የፈረስ ስሞችን ሰብስበው ጥናት አበርክተውልናል። የእኔ ቅሬታ ፈረሱ በመታወሱ አይደለም። የአገራችን መዝገብ ለፈረስ ቦታ ሲኖረው ለገበሬ አባት ቦታ ማጣቱ ነው።

ሀጋይ ኤርሊክ የተባለው እስራኤላዊ የታሪክ ምሁር የራስ አሉላን ፖለቲካዊ የሕይወት ታሪክ በ1982 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትሟል። በዚያ ውስጥ አንድ የአገር ቤት ትውፊት ተመዝግቧል። ልጁ አሉላ ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ፣ ለሠርግ የተጋገረ ተሸክመው የሚሄዱ ሰዎችን መንገድ ላይ ያስቆማል። ወዴት እንደሚሄዱም እንደ ሹም ይጠይቃቸዋል። ሰዎቹ ደግሞ በፌዝ፣ ወደ ራስ አሉላ ወዲ ቁቢ ግንብ እየሄዱ መሆናቸውን ይነግሩታል። ከዚያ ወዲያ የመንደሩ ልጆች ራስ አሉላ እያሉ ይጠሩት ጀመር ይባላል። ትውፊቱን የሚያወሩ ሁሉ ትንቢት ያደርጉታል፤ ፌዙ እውነት ሆነ ብለው ይደነቃሉ። እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። «ወዲ ቁቢ» በትግርኛ የቁቢ ልጅ ማለት ነው። ፌዙ የሚያስቀው የቁቢ የልጅ ልጅ ራስ ሊሆን አይችልም ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። አያትየውን ለእኛ ያደረሰልን እንግዲህ ይህ ፌዝ ነው፤ አንድ ሰው ገበሬውን ቁቢን ሊያሾፍበት ባያነሣው ኖሮ ምናልባት እርሱንም ባጣነው ነበር።

የሰውዬው ሥራ የታወቀ ነው፤ ለእናንተ መንገር አያሻኝም። ከራስ አርአያ ድምፁ ቤት ተነሥተው የካሳ ምርጫ፣ ማለትም የኋላው ዐፄ ዮሐንስ፣ እልፍኝ አስከልካይ ሆኑ። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራዕ ላይ ግብፆችን ከተዋጉ በኋላ የመረብ ምላሽ ገዥ ሆነው ተሾሙ፤ አሥመራን መቀመጫቸው አደረጉ፤ በ1878 ዓ.ም. ኩፊት ላይ ደርቡሾችን፣ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ጣሊያኖችን መቱ፤ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ዋሉ። በየካቲት 1889 ዓ.ም. ከተምቤኑ ራስ ሐጎስ ጋር ባደረጉት ጦርነት ቆስለው አረፉ። በገዛ አገራቸው ልጅ እጅ መሆኑ ነው።

የዘር ነገር ሲነሣ ግን አንድ ንጽጽር ልብ ይሏል። ዐፄ ዮሐንስም በአባታቸው በኩል የተምቤን ሰው ናቸው። አባታቸው ሹም ተምቤን ምርጫ፣ እናታቸው የእንደርታዋ ወይዘሮ ስላስ ድምፁ ናቸው። ከዚያ ወደ ላይ መሰላሉ ቀጥሎ ራስ ሚካኤል ስሑል ዘንድ ይደርሳል፤ በክብረ ነገሥት መንገድም ሰሎሞን ቤት ይገባል። ጌታና ሎሌ ከአንድ ወረዳ ወጥተው የአንዱ ዘር ኢየሩሳሌም ሲደርስ የሌላው ቁቢ ላይ ይቆማል። ቁቢ አባት አልነበረውምን? ነበረው፤ አያትም ነበረው። በመነዌ አፈር ላይ እንደ ማንም ሰው ለሺህ ዘመን ሲዋለዱ የኖሩ ሰዎች ነበሩት። አልተጻፉም እንጂ አልጎደሉም። ራስ አሉላ ራሳቸው ይህ ጉድለት ያውቁት ነበር ብዬ እገምታለሁ። ሹመቱ ከፍ ሲል የመጀመሪያ ሚስታቸውን ፈትተው የራስ አርአያን ልጅ ወይዘሮ አምለሱን አገቡ። ራስ አርአያ የንጉሡ አጎት ናቸው። በትውልድ ያልተገኘውን ሐረግ በጋብቻ መግዛት ይሏል ይህ ነው። ያም ሆኖ ባላባቶቹ ገበሬነታቸውን አልረሱላቸውም።

ይህን እያሰብሁ አሳቤ ከኩሓ ሜዳ ተነሥቶ ሮማ ገባ፤ ምክንያትም አለው። ሮማ ከዋናው የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶ የተባሉት ዶጋሊ ላይ በአሉላ ጦር የወደቁት ጣሊያኖች ናቸው። በዚያው ዓመት መታሰቢያ ቆመላቸው። ሐውልቱ ራምሴስ 2ኛ ያስጠረበው የግብፅ ድንጋይ ሲሆን፣ መሠረቱ ላይ የሟቾቹ ስም ተጽፏል፤ በኋላም ከጣቢያው ትንሽ ራቅ ወዳለ የአትክልት ቦታ ተዛውሯል። እንግዲህ መቀሌም ሮማም ዶጋሊን የሚያስታውሱት በመንገደኛ ማረፊያቸው ነው፤ አንዱ በአየር፣ አንዱ በሐዲድ። ልዩነቱ ግን ይህ ነው። የአንድ ሟች የልጅ ልጅ የሆነ ጣሊያናዊ ሄዶ ጣቱን በፊደሉ ላይ እያሳለፈ ቅድመ አያቱን ሊያገኝ ይችላል። ከአሉላ ጋር ዘምቶ እዚያው የቀረ የተምቤን ወይም የሐማሴን ገበሬ የልጅ ልጅ ጣቱን የሚያሳርፍበት ፊደል የለውም። ያሸነፉት ስም አልባ ሆነው የተሸነፉት ስም አላቸው።

ታዲያ የኛ ገበሬ ስሙን የት ያኖር ነበር? በአፍ። ሰባት ቤት መቁጠር ለኛ አገር ሰው ትምህርት ቤቱ ነበር። ሲያጋቡ ይቆጠራል፤ ሲጣሉ ይቆጠራል፤ ከሁሉም በላይ ግን ርስት ሲጠየቅ ይቆጠራል። በአማራው አገር ርስት የሚገኘው መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ዋና አባት ድረስ በመቁጠር ነበር፤ ቆጠራውም በአባትም በእናትም በኩል ይሄዳል። አላን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ጎጃም ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት በ1973 እ.ኤ.አ. በታተመ መጽሐፉ በሰፊው ጽፎታል። ከዋናው አባት ሥር ምንዝር አባት አለ፤ ከዚያም ሥር እየተከፋፈለ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ገበሬ በብዙ ቅርንጫፍ ባለ መብት ነው፤ በአያቱ እናት በኩል የሚደርሰው መሬት በአባቱ አባት በኩል ከሚደርሰው ከበለጠ ቆጠራውን ወደዚያ ያዞራል። ሐሰት አይደለም። ዛፉ ብዙ ቅርንጫፍ አለው፤ ሰውየው ፍሬ ባለበት ይወጣል።

«ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለው ለዚህ ነው። ባለቤትነቱን የሚያስመሰክረው ግን በአፍ የተያዘ የስም ዝርዝር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ሥራ ፈታ። በእርግጥ ለርስት ሙግት አላለቅስለትም። ስንቱን ወንድማማች በዳኛ ደጅ አስረጅቷል፤ ስንቱ በሐሰት ቆጥሮ የሌላውን ማሳ ወስዷል። ጭሰኛው ደግሞ ምንም ያህል አባቶች ቢቆጥር መሬት አያገኝበትም ነበር። ነገር ግን ከአሮጌው ጎጆ ጋር አብሮ የተቃጠለ ነገር አለ። ትናንት በሽማግሌ ጉባኤ ቆሞ አሥር ትውልድ የሚያወርድ ሰው በማግስቱ የእሳት ዳር ተረት ነጋሪ ሆነ። ልጆቹም መሬት የማያስገኝ ስም ለምን ይያዛል ብለው አልያዙትም። እኔ የዚያ የልጅ ልጅ ነኝ።

በምትኩ የመጣ መዝገብ ቢኖር ባልከፋ። እንግሊዞች ከ1538 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናቸው ጥምቀቱን፣ ጋብቻውንና ቀብሩን ሲጽፉ ኖረዋል። በኛ አገር የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ብዙ አንቀጽ ቢይዝም፣ በሥራ የሚውልበት ቀን በሌላ ትእዛዝ እስኪወሰን ይቆይ ተባለ። ቆየም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ወጥቶ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ሃምሳ ስድስት ዓመት መሆኑ ነው። በዚህ መካከል የተወለደም የሞተም በአፍ ቀረ።

የተጻፈ ነገር ፈጽሞ የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ፣ ግን ለማን? በየገዳሙና በየደብሩ በወንጌል ገጾች ላይ፣ በባዶው ብራና፣ ጉልት የተሰጠበት፣ ርስት የተሸጠበት፣ ምስክሮች የቆሙበት ተጽፏል። ዶናልድ ክራሚ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ከጎንደር ሰነዶች ተነሥቶ እንዳሳየን በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ሴቶችም ርስት ሲይዙ፣ ሲያወርሱ፣ ሲሟገቱ ይታያሉ፤ በቃል ቆጠራ የተዋጡ እናቶች በመሬት ውል ላይ ብቅ ይላሉ። ራስ አሉላ የተቀበሩበት የዐድዋው አባ ገሪማ ገዳም ራሱ የዚህ ምሳሌ ነው። የገሪማ ወንጌሎች በዕድሜያቸው በዓለም የታወቁ ናቸው፤ በራዲዮካርቦን ምርመራ ሺህ አራት መቶ ዓመት ያለፋቸው መሆኑ ታውቋል። በገጾቻቸው ላይ በየዘመኑ የተጨመሩ የታሪክ ማስታወሻዎችም አሉ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ተርጉመዋቸዋል። ማስታወሻዎቹ የተጻፉት ደግሞ በወንጌል ላይ ነው፤ የማቴዎስ ወንጌል የሚጀምረው በትውልድ ቆጠራ መሆኑን ልብ በሉ። በዚያ ቆጠራ ውስጥ ነገሥታቱ አሉ፤ ከነገሥታቱ ጋር ግን ስማቸው ብቻ የቀረ ሰዎች አሉ፤ ባዕድ አገር ሴትም አለች። እኛ ይህን መጽሐፍ በየደብራችን ይዘን፣ በቤታችን ግን የነገሥታቱን ክፍል ብቻ ነው የቀዳነው።

በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ሌላም ችግር ይገጥመዋል። በብራናው ላይ የሚገኘው ብዙ ጊዜ የክርስትና ስም ነው። አያትህን በዓለም ስሙ ታውቀዋለህ፤ መጽሐፉ ወልደ ሚካኤል ይልሃል። ስንቱ ወልደ ሚካኤል ነው?

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልግባ፤ ሙግቱ ከዚያ ካልደረሰ ከንቱ ነው።

የእናቴ አክስት ነበሩን፤ እትዬ እንላቸዋለን፤ የወሎ ሰው ናቸው። በ2011 ዓ.ም. በዓል ልጠይቅ ሄጄ «እትዬ፣ እስኪ ይቁጠሩልኝ» አልኋቸው። ቡናቸውን አስቀምጠው ከእናቴ ጀምረው ሰባት አወረዱልኝ፤ እኔም በኪሴ ባገኘሁት የገንዘብ መክፈያ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፍሁ። አራተኛው ሰው የእርሳቸው አያት ናቸው። ከተምቤን ጨው ጭነው እየመጡ ወሎ ሲነግዱ አንዲት የአገሩን ሴት አግብተው የቀሩ ሰው ናቸው። ከእርሳቸው በላይ ያሉት ሦስቱ ስሞች ተምቤን የቀሩ አባቶቻቸው ናቸው። በነገራችን ላይ፣ አንድ አጎቴ እኒህን አያት ደጃዝማች ነበሩ እያለ ያወራል። እትዬ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። «ምን ደጃዝማች! ሁለት አህያ ነበረው፤ አንዷም አንካሳ ናት» አሉ። እኔ በበኩሌ ጨው ነጋዴነቱን ወደድሁት። አሞሌ በዚያ ዘመን ገንዘብ ነበርና ከቤታችን ገንዘብ ቆጣሪ እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም ማለት ነው።

በ2014 ዓ.ም. እንደ ገና ሄድሁ። አገር ታምሶ ነበር። ጦርነቱ ወሎንም ነክቶ አልፏል፤ ትግራይ ስልኩም መንገዱም ተዘግቷል። ወረቀቱ እንዳይጠፋብኝ በደንብ ልገልብጠው ብዬ እትዬን ዳግመኛ አስቆጠርኋቸው። እናቴን አሉ፣ አያቴን አሉ፣ ቅድመ አያቴን አሉ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ያልሰማሁት ስም ተናገሩ፤ የሴት ስም። ከዚያም እስከ ሰባተኛው ሌላ ስም፣ ሌላ ስም። የረሱ መሰለኝና ወረቀቱን አውጥቼ «እትዬ፣ ያ ጨው ነጋዴውስ?» አልኋቸው። ወደ በሩ ተመለከቱ። ቤት ውስጥ ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም።

«አንተ ልጅ፣ አልዋሸሁህም» አሉኝ። «እሷም አያቴ ናት። በእሷ በኩል ቁጠር።»

«ለምን?»

«ይሄ ጊዜ ስም የሚያስበላ ጊዜ ነው። ይለፍ። ሲያልፍ ትመልሰዋለህ።»

ቀደም ብዬ ስለ ርስት ቆጠራ የጻፍሁትን ያስታውሷል፤ ሰው ፍሬ ባለበት ቅርንጫፍ ይወጣል። እትዬ ግን ፍሬ አልፈለጉም፤ መከለያ ፈለጉ። ሥርዓቱ ያው ነው፤ በአባትም በእናትም መቁጠር ይቻላል። የገዛ አያታቸውን አልካዱም፤ በሌላ በር ወጡ እንጂ። በዚያን ቀን ልቤ ተሰበረ። በኋላ ግን ወረቀቱን ሳየው አንድ ነገር አስተዋልሁ። ፍርሃት ባያስገድዳቸው ኖሮ የዚያችን ሴት ስም መቼም አልሰማም ነበር። ጨው ነጋዴውን ያስቀረችው፣ ልጆቹን ያሳደገችው ሴት እስከዚያ ቀን ድረስ «የአገሩ ሴት» ብቻ ነበረች። በባንክ ቅጻችን ላይም የእናት ስም የሚጠየቀው ለዝምድና አይደለም፤ ለማረጋገጫ ነው። ሌላ ሰው አያውቀውም ተብሎ ነው የሚጠየቀው! እንዲህ ያለ ምስጢር አድርገነዋል።

ስለ ዘር ቆጠራ በዘመናችን ሁለት ወገን ሲከራከር እሰማለሁ። አንደኛው፣ ዘር መቁጠር ይቅር፣ ያጋደለን እርሱ ነው ይላል። ሌላው ሰባት ቤት ቆጥሮ ንጹሕነቱን ሊያስመሰክር ይነሣል። ሁለቱም እስከ መጨረሻው የቆጠሩ አይመስለኝም። አባቱን፣ የአባቱን አባት እያለ በአንድ ቀጭን ክር ብቻ የሚወጣ ሰው ንጹሕ ነኝ ቢል አይገርምም፤ ከክሩ ግራና ቀኝ ያለውን ሁሉ ትቶታልና። ሰባት ትውልድ በአባትም በእናትም ሲቆጠር በሰባተኛው እርከን ላይ ብቻ 128 ሰዎች ይቆማሉ። ሒሳብ ነው፤ ይህን ያህል ማባዛት ሥራዬ ነው። ከነዚህ ከ128ቱ አንድ ደጃዝማች ቢገኝ፣ ስለ እርሱ ስናወራ ስለ 127 እንግዳዎችና ስለ ሚስቶቻቸው ዝም እያልን ነው። ከመካከላቸውም ወንዝ ያልተሻገረ፣ ሌላ ቋንቋ ካፉ ያልወጣ፣ ጨው ጭኖ ወይም ሎሌ ሆኖ ወይም ተማርኮ ያልመጣ የለም የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ እስኪ ስማቸውን ይጥራልኝ። ስለዚህ እኔ ቆጠራው ይቅር የምል ሰው አይደለሁም። ይብዛ ነው የምለው። ሽማግሌዎቻችን ሳያልፉ፣ በአባትም በእናትም፣ ከነክርስትና ስሙ፣ ከነተረቱና ከነፌዙ፣ ከነአንካሳ አህያው ይጻፍ። አጎቴም ደጃዝማቹን ይጻፈው፤ አጠገቡ ግን እትዬ ያሉት ይጻፍ።

እትዬ በኅዳር 2015 ዓ.ም. አረፉ። የሰላም ስምምነቱ ጥቅምት 23 ቀን ተፈርሞ ነበር፤ ሰምተዋል። ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ መቀሌ የመንገደኛ በረራ ሲጀመር ግን አልነበሩም። ያን ዕለት በዚህ ማረፊያ ሰዎች እንዴት ተቃቅፈው እንዳለቀሱ በምስል አይቻለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሞቶ ይሁን ድኖ ሳያውቁ የቆዩ ወላጅና ልጅ ነበሩ። እኔ በዚያው አዳራሽ ስቀመጥ ዓመት ያህል አልፎታል፤ ሰው እንደ ማንኛውም ቦታ ሻንጣ እየጎተተ ይገባል፣ ይወጣል።

አጠገቤ አንድ ነጭ ነጠላ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። አዲስ አበባ ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ ናቸው። ጨዋታ ጀመርን፤ የተምቤን ሰው መሆናቸውን ሲነግሩኝ ልቤ ደነገጠ። ያን የገንዘብ መክፈያ ወረቀት ዛሬም በቦርሳዬ እይዘዋለሁና አወጣሁት። «አባቴ፣ እኒህን ሰዎች ያውቋቸው ይሆን?» ብዬ አራቱን ስሞች አነበብሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ፤ አንዱን ስም ድገመው አሉኝ፤ ደገምሁት።

«ደብሩስ?» አሉ።

«ምን አሉኝ አባቴ?»

«ታቦቱ ማን ነው? ይሄ ስም እኮ በየደብሩ አለ። ስም ብቻውን ሰው አያገኝም። የማን ደብር ሰው እንደ ሆነ ካወቅህ ቄሱም ያውቀዋል፣ መቃብሩም ይገኛል።»

መልስ አልነበረኝም። ሰባት ስም ስጽፍ አንድ ደብር አልጠየቅሁም። ጥሪው ደረሰና ተነሣን፤ ቦርሳቸውን ተሸከምሁላቸው።

ቤቴ ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ሰምታ ቆየችና፣ «እትዬ ሲናደዱ በማን ነበር የሚምሉት?» ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ። ሁላችንም እናውቀዋለን። የደብራቸው ታቦት ጊዮርጊስ ነው፤ እትዬ ግን ሲቆጡ «የአባቴ ሚካኤል ያውቃል!» ይሉ ነበር። በአካባቢያቸው የሚካኤል ታቦት አልነበረም። ልጅ ሆነን እንስቅባቸው ነበር።

ከጨው ነጋዴው ስም አጠገብ በእርሳስ «ሚካኤል» ብዬ ጻፍሁ፤ ከጎኑም የጥያቄ ምልክት አኖርሁ።